የትራክተር ጎማ ልትቀይሩ ነው? ጠይቁኝ

ስለ ትራክተር ጎማ ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ ብዬ ነበር፣ እናንተም አልሰነፋችሁም። እንደ አመጣጣቸው እሄዳለሁ። አስቀድሜ ግን አቋሜን ልናገር፦ አብዛኛው የትራክተር ጎማ እድሜውን ጠግቦ አያልቅም። ለማይሆነው ሥራ ይገዛል፣ ንፋሱን የሚያይለት የለም፣ ከዚያ ያለጊዜው ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አንድ የማያልቅ ብራንድ ንገረንና እንገላገል።

መልስ፦ ቢኖር እኔም እገዛው ነበር። ከብራንዱ በፊት ጥርሱን እዩ። ጎኑ ላይ አር-1 የሚል ከሆነ ለደረቅና ለመካከለኛ መሬት የሚሆነው የተለመደው የእርሻ ጎማ ነው። አር-1ደብሊው ለእርጥብ መሬት ነው፤ ጥርሱ ከአር-1 ከ20 እስከ 25 በመቶ ይጠልቃል። አር-2 የሩዝ ማሳና የረግረግ ጎማ ነው። ጥርሱ የአር-1ን እጥፍ ያህል ስለሆነ አስፋልት ላይ ስታወጣው እየተወላገደ ይበላል። አር-4 ደግሞ ጥርሱ አጭርና ወፍራም ነው። ለሎደርና ለጠንካራ መሬት አሪፍ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ግን ጥርሱ መሃል ይሞላና ትራክተሩ ባለበት ይሽከረከራል። ከሥራህ ግማሹ በመንገድ ተሳቢ መጎተት ከሆነ ጥልቅ ጥርስ አያጓጓህ።

ጥያቄ፦ ራዲያል ነው ወይስ ባያስ?

መልስ፦ የራዲያል ክሮች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ይሻገራሉ፣ ከጥርሱ ሥር ደግሞ ቀበቶ አለው። ስለዚህ ጎኑ ሲለምጥ ጥርሱ መሬት ላይ እንደተዘረጋ ይቆያል። የባያስ ክሮች እየተጠላለፉ በሰያፍ ስለሚሄዱ ጎኑ ሲታጠፍ ጥርሱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ትርፉ ምንድነው ካላችሁ፣ ራዲያል መሬት የሚነካበት ስፋት ይረዝማል፣ መንሸራተቱ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ አፈሩንም ብዙ አይደፈጥጥም። ባያስ ዋጋው ይቀላል፣ ጎኑም ጠንካራ ነው። ድንጋይና ጉቶ የበዛበት መሬት ላይ ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚሠራ ትራክተር እኔ ባያስ ብገዛ አላፍርም። በየቀኑ ለሚያርስ ግን ራዲያል፣ ክርክር የለውም። በቁጥሩ ትለዩታላችሁ፦ 18.4-34 ባያስ ነው፣ 18.4 አር 34 ራዲያል። አንድ አክስል ላይ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ ጎሚስታው «ደንደን አድርገህ ሙላው፣ እድሜው ይረዝማል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለመኪና የለመደውን ነው የነገረህ። የትራክተር ጎማ ከመጠን በላይ ሲሞላ መሃሉ ብቻ መሬት ይነካል፤ ይንሸራተታል፣ መሃሉም ተለይቶ ያልቃል። ሲያንስ ደግሞ ጎኑ ከልክ በላይ እየታጠፈ ይሰነጠቃል፣ ጎማውም ቸርኬው ላይ ሊዞር ይችላል። ከመነዳሪ ካለው ቫልቩን ነቅሎ ይዞት ይሄዳል። ትክክለኛው ልክ የሚገኘው ከአምራቹ ሰንጠረዥ ነው፤ አክስሉ ላይ ያለውን ክብደትና ፍጥነቱን አይተህ ታነባለህ። ራዲያል ማሳ ላይ ብዙ ጊዜ 1 ባር (ባር የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃዋል፣ ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ሲሮጥ ግን ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ጎማህ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ራስህ መለካት ትችላለህ። ጎማው ጎን ላይ በኖራ ምልክት አድርግ። ማረሻውን አውርደህ እያረስክ ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር ሂድና የተነሳህበትንና የደረስክበትን ቦታ ችንካር ምታበት። ከዚያ ማረሻውን አንስተህ ያንኑ ርቀት ድገመውና ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። 8 ተኩል ከሆነ መንሸራተቱ 15 በመቶ ነው፣ እሱ ዳር ላይ ነው። ዙሩ ከ8 ተኩል ካነሰ ጎማህ መሬቱን እየሞረደ ጥርሱንም እየሞረደ ነው፤ ወይ ክብደት ጨምር፣ ወይ ንፋሱን አስተካክል፣ ወይ ማረሻውን አቅልለው። 9 ተኩል ከመጣ ደግሞ ያለ ጥቅም ከባድ ክብደት ተሸክመሃል ማለት ነው፣ የሚጎዳው ካምቢዮህና ነዳጅህ ነው።

ጥያቄ፦ ከአጨዳ በኋላ የበቆሎ አገዳ ጉቶ ጎማዬን ወግቶ ጨረሰው። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ ሙሉ መፍትሔ የለውም፣ የሚቀንሰው ግን አለ። አዲስ ጎማ ከገዛችሁ በጉቶ ላይ አታስጀምሩት፤ ከአጨዳ ወቅት ቀደም ብላችሁ አስገቡትና ላስቲኩ ይጠንክር። በመደዳዎቹ መሃል ንዱ። ከፊት የሚገጠምና ጉቶውን የሚያስተኛ ብረትም አለ፣ ብዙ አገዳ ለሚያርስ ሰው ያዋጣዋል። አንዳንድ አምራቾች ለጉቶ ብለው የሚያጠነክሩት ላስቲክ አላቸው፣ ስትገዙ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አራቱም ጎማው የሚጎትት ትራክተር ነው ያለኝ። የኋላዎቹ ብቻ አልቀዋል፣ እነሱን ብቻ ብቀይርስ?

መልስ፦ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፊት ጎማ መሬት ላይ ከኋላው በጥቂቱ፣ ከ1 እስከ 5 በመቶ ያህል፣ ፈጠን ብሎ መቅደም አለበት። አዲስ የኋላ ጎማ ዙሪያው ይሰፋል፣ ያለቀ የፊት ጎማ ደግሞ ያንሳል። ያን ጊዜ ቀዳሚነቱ ይጠፋና የፊቱ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ጎማውም የፊት አክስሉም ይለፋሉ። የፊቶቹ ጥርስ ገና ደህና ከሆነ ችግር የለውም፣ ካልሆነ አራቱንም ቀይር። መጠን ልትለውጥ ካሰብክ ደግሞ በግምት አይሆንም፣ የአንድ ዙር ርዝመቱን ከአምራቹ ሰንጠረዥ አይተህ አስላው። ጠንካራ መንገድ ላይ ስትወጣ የፊት መጎተቻውን አጥፋ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ጎማ ብገዛስ?

መልስ፦ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ፈልግ። 3518 ካለ በፈረንጆቹ 2018 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ፀሐይ የበላው ጎማ አለ፤ በጥርሱ ሥርና በጎኑ ስንጥቅ ካየህ ተወው። ውስጡንም በእጅህ ዳብስ፣ ክር ከወጣ አትውሰደው። የሚሸከመውንም አትርሳ፤ 149ኤ8 የሚል ጎማ 3250 ኪሎ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይችላል።

ጥያቄ፦ ክብደት እንዲሆን ውሃ ልሙላበት?

መልስ፦ ባያስ ላይ ቫልቩን ወደ ላይ አድርገህ እስከ ቫልቩ መሙላት ትችላለህ፣ 75 በመቶ ያህል ነው። ራዲያል ላይ ግን ውሃው የጎኑን መለመጥ ስለሚገድብ ለእሱ የብረት ክብደት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ጎማው የተገለበጠ መሰለኝ፣ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከትራክተሩ ኋላ ቁም። የጥርሱ ሹል ጫፍ ወደ ላይ ካየ ትክክል ነው። ወደ ታች ካየ ጎሚስታው ጋ መልሰው። ጠርዙ ቸርኬው ላይ አልቀመጥ ካለም ከ2.4 ባር በላይ አይንፋበት፤ ጎማ ሲፈነዳ ሰው ይገድላል። ንፋሱን አውጥቶ፣ ጠርዙን ቀብቶ እንደገና ይሞክረው፣ ሲሞላም ከጎማው ፊት ለፊት ማንም አይቁም።