ስለ ጤና አዳም ጠይቁ፤ አፈሩን ሳትናገሩ ግን «ደረቀብኝ» አትበሉ

መልስ ሰጪ፦ ዛሬ ጤና አዳም ብቻ። ዳማ ከሴና ጦስኝ ሌላ ቀን። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ነፍሰ ጡር፣ ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት፣ ጤና አዳም እንዳትጠጣ፤ ማህፀን ያኮማትራል፣ ያስወርዳል። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ላይ በባዶ እጅ አትቁረጡት። እንደምትረሱት ስለማውቅ ደግሜ እላለሁ።

የደብረ ብርሃኑ፦ ጋሼ፣ ከውጭ የመጣ ዘር ዘርቼ የበቀለው ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሽታው ያው ነው። የኛው ጤና አዳም ነው ወይስ ሌላ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይላል። በቅጠል አትፍረድ፤ ቅጠል በፀሐይና በውሃ መጠን መልኩን ይለውጣል። በየጓሯችን ያለው በሳይንሳዊ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለጌጥ የሚሸጠው ሰማያዊው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሩታ ግራቬኦሌንስ ነው። የሁለቱንም ቅጠል ወደ ብርሃን ብታነሣው ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ታያለህ፤ የዘይት ከረጢቶች ናቸው፣ በሎሚ ቅጠልም አሉ፣ ቤተሰቡ አንድ ነውና። ስለዚህ ነጠብጣቡም ሽታውም አይለይልህም።

አበባ እስኪያወጣ ጠብቅ። የኛው ቢጫ የአበባ ቅጠል ጠርዙ እንደ ጋቢ ዘርፍ የተዘረዘረ ነው። የግራቬኦሌንስ ጠርዙ ቢሞገድ ወይም ጥቂት ጥርስ ቢያወጣ ነው እንጂ ዘርፍ የለውም። ቀጥሎ ፍሬውን እይ፤ የኛው ፍሬ ክፍሎች ጫፋቸው ሹል ነው፣ የዚያኛው ደንዘዝ ያለ። ሦስተኛ፣ አበባው ከሚወጣበት ቦታ ሥር ያለችው ትንሽ ቅጠል በኛው ሰፊና የልብ ቅርጽ ያላት ናት፣ በዚያኛው ጠባብና ረጅም። ሰው የሚሳሳተው የአበባ ቅጠል በመቁጠር ነው። በየዘለላው መሃል ያለው አበባ ባለ 5፣ ዙሪያው ያሉት ባለ 4 መሆናቸው የሁለቱም ጠባይ ስለሆነ መለያ አይሆንም። ጥቅማቸውም ጉዳታቸውም ያው ነው፤ አትንቀለው።

የሚኒያፖሊሷ፦ እዚህ ከሐበሻ ሱቅ የምገዛው የደረቀ ነው። ሕያው ተክል ከየት ይገኛል? ክረምቱንስ ያልፋል?

መልስ፦ የላቲኖ ገበያ ሄደሽ «ሩዳ» በዪ። አረብ አገር ያላችሁ «ሸዛብ»፣ እስራኤል ያላችሁ «ፔጋም» በሉ፤ እስራኤል ውስጥ የኛው ዓይነት በየኮረብታው በዱር ይበቅላል። ቀላል ውርጭ ይችላል፣ የሚኒሶታ በረዶ ግን ይገድለዋል። ውርጭ ሳይጀምር በማሰሮ ቤት አስገቢው፣ ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ሥር አኑሪው፣ የላዩ አፈር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪደርቅ ውሃ አታጠጪው። ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይይዘዋል፤ የቅጠሉን ጀርባ በሳምንት አንዴ በውሃ እጠቢ።

የአዳማዋ፦ ጋሼ የኔ ደረቀብኝ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ርዕሱን አንብበሻል? አፈሩ ምንድን ነው? መሬት ላይ ነው ማሰሮ? በስንት ቀን ታጠጪዋለሽ? የደረቀው ከታች ነው ከላይ?

የአዳማዋ፦ ይቅርታ። መሬት ላይ፣ ጥቁር አፈር፣ በየቀኑ ጠዋት። ከታች ቢጫ እየሆነ ነው የሄደው።

መልስ፦ እንግዲህ መልሱን ራስሽ ተናገርሽው። ዋልካ ነው፣ በየቀኑ ታጠጪዋለሽ፣ ሥሩ ታፍኖ በስብሷል። ነቅለሽ እዪው፤ ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፣ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ልጡ በጣት ይላጣል። ጤና አዳም የድንጋያማና የደረቅ መሬት ተክል ነው። ከጥማት ይልቅ በውሃ ብዛት ነው የሚሞተው። ዋልካ ላይ የምትተክሉ ሁሉ መደቡን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፤ ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ደረቅ አሸዋ ወይም ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ጋር ቀላቅሉ። ፍግ በጣም ጥቂት፣ ያውም የበሰለ። ፍግ ሲበዛ ቅጠሉ ለምለም ግንዱ ልፍስፍስ ይሆንና ሽታው ይቀንሳል። ሥር የያዘ ተክል በበጋ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል፤ በክረምት ምንም።

የሐዋሳው፦ ከዘር ይሻላል ከቁራጭ?

መልስ፦ ከቁራጭ። ዘሩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፣ በቅሎም መጀመሪያው ወር ላይ በጣም ደካማ ነው። ዘር ብቻ ካለህ ላዩ ላይ በትነህ በስሱ ጫን አድርገው እንጂ በአፈር አትቅበረው።

ቁራጩን በግንቦት፣ ወይም ዝናቡ ሲያባራ በመስከረምና በጥቅምት ውሰድ። ያላበበ ቅርንጫፍ ምረጥ፤ ያበበው ጉልበቱን ለአበባ ስለሚሰጥ ሥር አያወጣም። ጫፉ ለስላሳ፣ ሥሩ እንጨት መሆን የጀመረ፣ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ይሁን። ከቅጠል መውጫ ሥር በስለት ቁረጥ፤ በጥፍር የተቀነጠበ ይቀጠቀጣል፣ የተቀጠቀጠ ይበሰብሳል። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፈህ በዚያው ልክ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር በሆነ ፖት ውስጥ ትከል። አንዴ አጠጥተህ ጥላ ውስጥ አኑረው፤ ከዚያ በኋላ እርጥበቱ ብቻ እንዳይጠፋ። በፕላስቲክ አትሸፍነው፣ ይሻግታል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሥር ያወጣል። ለማየት እየነቀልክ አትፈትሽ፤ በቀስታ ሳብ ስታደርገው እምቢ ካለ ይዟል ማለት ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ፀሐይ አልምደው፣ ሜዳ ላይ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ትከል። አሥር ቁራጭ ያስፈለገው አሥራ አምስት ይትከል።

ወሎዬው፦ ቡና ላይ ስንት ነው ልኩ? አንዳንዱ ጀበና ውስጥ ይጨምረዋል።

መልስ፦ ጀበና ውስጥ አይገባም፤ ሲፈላ ይመራል፣ ቡናውንም ይሸፍነዋል። ለአንድ ሲኒ የጣት አንጓ የምታህል አንዲት ጫፍ ነክረህ ወዲያው ታወጣታለህ። እርጎና አይብ ላይም እንዲሁ፣ ለሽታ ነው። ቀምሰኸው ከመረረህ በዝቷል።

ጎንደሬዋ፦ እኔ የምለው፣ በርበሬ ውስጥ የሚገባው ቅጠሉ ነው ፍሬው? እኛ ቤት ፍሬው ነው።

ወሎዬው፦ ቅጠሉም ይገባል። ደርቆ።

ጎንደሬዋ፦ ቅጠሉ ሲደርቅ ምን ሽታ ይቀረዋል? ድርቆሽ ነው። ለ5 ኪሎ ዛላ አንድ ሲኒ የደረቀ ፍሬ፣ አለቀ።

ወሎዬው፦ አንድ ሲኒ! ወጡን ልታመሪው ነው? ግማሽ ይበዛል።

ጎንደሬዋ፦ እናንተ ወጡን ለማጣፈጥ ምን አላችሁ።

መልስ፦ ወጡን እዚያው ተጨራረሱ። ፍሬው ነው፤ ሽታውን ጠብቆ የሚቆየው እሱ ነው። ግማሽ ሲኒ ጀምራችሁ ጨምሩ። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሲዞር፣ ሳይከፈትና ዘሩን ሳይበትን ከነዘንጉ ይቆረጣል፣ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ዘይቱ ይተናል።

የጅዳዋ፦ ለደም ግፊት ጥሩ ነው ይባላል፤ ሩቲን የሚባል ቫይታሚን አለው አሉ።

መልስ፦ ሩቲን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከሩታ ነው፤ በ1842 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፋርማሲስት አውጉስት ቫይስ ለይቶ አወጣው። ቫይታሚን ግን አይደለም። ክኒንሽን አትተዪ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ደግሞ ሐኪማችሁ ሳያውቅ አትጀምሩት።

እናት፦ ለሦስት ወር ሕፃን የሆድ ቁርጠት ጨምቆ መስጠትስ?

መልስ፦ አይሰጥም። በጠብታም፣ በውሃ ቀጥኖም። ሐኪም ቤት ይዘሽው ሂጂ።

የደሴዋ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ጓሮ ስቆርጥ ውዬ በሁለተኛው ቀን እጄ ላይ ውሃ ቋጠረ፣ አሁን ጥቁር ሆኗል። ቡዳ ነው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ቡዳ አይደለም፤ ጭማቂውና ፀሐዩ ናቸው። ጤና አዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉ፣ ሶራለንና በርጋፕተን ከነሱ ናቸው። ቆዳ ላይ ብቻቸውን ብዙ አይጎዱም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ግን የቆዳውን ሕዋስ ያቃጥላሉ። ሰው የማያገናኘው ወዲያው ስለማያሳክክ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቆይቶ ይቀላል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል። ጥቁረቱ ለወራት ይቆያል እንጂ በራሱ ይለቃል። የቋጠረውን አታፍርጪ፣ ቦታውን ከፀሐይ ሸፍኚ፤ ሰፊ ከሆነ ወይም ፊት ላይ ከሆነ ሐኪም ይየው።

በኛ ደጋ ላይ ጨረሩ ስለሚበረታ ጉዳቱም ይብሳል። ጓንትና እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቁረጡ፣ ወዲያው በሳሙና ታጠቡ። ፀጉር ላይ ጤና አዳም የገባበት ቅቤ ተቀብተው ፀሐይ የሚወጡ አሉ፤ ቅቤው ቀልጦ የወረደበት ግንባር ላይ መስመሩን ይዞ ይቃጠላል።

ስም አልጠቅስም፦ እኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ለጉንፋን በነጭ ሽንኩርት አፍልቼ ብጠጣስ?

መልስ፦ አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ተናግሬአለሁ። አፍልቶ መጠጣት ከሁሉም የባሰ ነው፣ መጠኑ አይታወቅምና። ቡና ላይ የምትነከረዋንም ቢሆን እስክትወልጂ ተዪያት። ጠጥታ ደም ያየች ወይም ሆዷን የቆረጣት ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሂድ፣ የጠጣችውንም አትደብቅ።

የባሕር ዳሩ፦ እባብ ያባርራል?

መልስ፦ ሣሩን እጨድ።

የደብረ ብርሃኑ፦ ትልልቅ አባጨጓሬ ቅጠሉን ጨረሱት። ሲነኩ ብርቱካንማ ቀንድ ያወጣሉ፣ ይሸታሉ። ምን ልርጭ?

መልስ፦ ምንም አትርጭ፤ የምትበላውን ቅጠል ነው የምትመርዘው። የሎሚ ቅጠል የሚበሉት የትልቁ ቢራቢሮ ልጆች ናቸው። በእጅ ልቀም፣ በጓንት።

የአዳማዋ፦ ሎሚ ካለህ እዚያ ላይ ውሰዳቸው፣ ቢራቢሮው ያምራል።

የደብረ ብርሃኑ፦ ሎሚዬንስ ማን ይተካልኛል?

መልስ፦ ይበቃል። የመጨረሻ ጥያቄ።

የሐዋሳው፦ በር ላይ ለጌጥ እንደ አጥር መትከል ፈልጌ ነበር፤ እንዴት ነው የሚከረከመው?

መልስ፦ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ትከል፣ ሙሉ ፀሐይ ላይ። በዓመት አንዴ፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ ሲሶውን ቁረጥ። ከቆረጥከው በታች አረንጓዴ ቅጠል መቅረት አለበት፤ እርቃኑን የቀረ አሮጌ እንጨት አያስተማምንም። ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ መሃሉ ይከፈትና ይራቆታል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት ተተኪ ቁራጭ ትከል። ልጆች የሚሮጡበት መተላለፊያ ዳር ከሆነ ግን ሌላ ተክል ፈልግ። ለምን እንደሆነ ለደሴዋ ነግሬአታለሁ።

የባሌዋ፦ ጋሼ፣ የኔም ደረቀብኝ…

መልስ፦ ዋልካ ነው?

የባሌዋ፦ አዎ።

መልስ፦ ለአዳማዋ የመለስኩትን አንብቢ።