የቆየ ኮምፒውተር የጌም ኮንሶል ኢሙሌተሮችን ይችላል? ጥያቄና መልስ

በቤት ውስጥ ያለ የቆየ ኮምፒውተር የጌም ኮንሶሎችን ኢሙሌተር ማስኬድ ይችል እንደሆነ ብዙዎች ጠይቀዋል። ኢሙሌተር የአንድን ኮንሶል ፕሮሰሰር፣ የምስልና የድምፅ ክፍሎች ሥራ በሶፍትዌር ብቻ የሚያከናውን ፕሮግራም ስለሆነ፣ የሚጠይቀው አቅም እንደ ኮንሶሉ ዓይነት በእጅጉ ይለያያል። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች እያጣመርሁ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም አለው፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ልሞክርበት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ይሞክሩበት። በ1983 በጃፓን የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም ፕሮሰሰር በ1.79 ሜጋኸርትዝ፣ የሴጋ ሜጋ ድራይቭ በ7.6፣ የጌም ቦይ አድቫንስ በ16.78፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ደግሞ በ33.87 ሜጋኸርትዝ ገደማ ነበር የሚሠሩት። እነዚህን ሁሉ የእርስዎ ማሽን ያለ ችግር ያስኬዳቸዋል። ከዚያ በላይ ሲወጡ ግን መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል፦ ከኒንቴንዶ 64 እና ከፒኤስፒ ጌሞች ብዙዎቹ ይሠራሉ፤ ድሪምካስት እንደየጌሙ ነው፤ በፕሌይስቴሽን 2 እና በጌምኪዩብ ላይ ከጥቂት ቀላል ጌሞች በቀር ተስፋ አላደርግም። ፕሌይስቴሽን 3ን ጭራሽ አያስቡት።

ጥያቄ፦ የኔ ፕሮሰሰር 2.4 ጊጋኸርትዝ ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ፕሮሰሰር 300 ሜጋኸርትዝ እንኳ እንደማይሞላ አንብቤአለሁ። ስምንት እጥፍ የሚፈጥን ማሽን እንዴት ያቅተዋል?

መልስ፦ ከቀረቡት ሁሉ ጥሩው ጥያቄ ይህ ስለሆነ በሰፊው ልመልሰው። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ዋና ፕሮሰሰሩ 294.9 ሜጋኸርትዝ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ብቻውን አይሠራም። በጎኑ ሁለት የቬክተር ስሌት ክፍሎች፣ የምስል ቺፕ፣ የድምፅ ክፍልና ግብዓትና ውጤቱን የሚያስተዳድር ሌላ ፕሮሰሰር አሉ፤ ይህ የመጨረሻው በመሠረቱ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ፕሮሰሰር ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላውን ውጤት በትክክለኛው ቅጽበት ይጠብቃል። ኢሙሌተሩ የእያንዳንዳቸውን ሥራ ማከናወን ብቻ ሳይሆን እርምጃቸውን ማቀናጀትም አለበት፤ ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚያሳይ ጌም በአንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋ ልዩነት አለ። የኮንሶሉ ፕሮሰሰር የሚያውቃቸውን ትእዛዞች የእርስዎ ፕሮሰሰር አያውቃቸውም። ቀላሉ ዘዴ እያንዳንዱን ትእዛዝ አንብቦ፣ ምንነቱን ለይቶ፣ ተመጣጣኙን መሥራት ሲሆን፣ በዚህ መንገድ አንዲት ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ትእዛዝ ትሆናለች። ስለዚህ ከባድ ኮንሶሎችን የሚያስኬዱ ኢሙሌተሮች ዳይናሚክ ሪኮምፓይለር የተባለውን ዘዴ ይጠቀማሉ፤ የጌሙን ኮድ በቁራጭ በቁራጭ ተርጉመው ትርጉሙን ያስቀምጡና፣ ያው ቁራጭ ተመልሶ ሲመጣ በተዘጋጀው ይሠራሉ። ይህ ባይኖር ኖሮ ፕሌይስቴሽን 2ን በዛሬ ኮምፒውተር እንኳ መጫወት ይከብድ ነበር።

የማስታወሻው ፍጥነትም አለ። የፕሌይስቴሽን 2 የምስል ቺፕ በውስጡ ያለው ማስታወሻ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል። በእርስዎ ማሽን ዘመን የነበረ አንድ ዲዲአር2-800 ራም የሚያስተላልፈው በሰከንድ 6.4 ጊጋባይት ነው። ጭስና ጉም ግልጽ አድርገው እያነባበሩ የሚስሉ ጌሞች አሮጌ ኮምፒውተርን አንገዳግደው የሚጥሉት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ሜጋኸርትዝን ከሜጋኸርትዝ ጋር ማወዳደር ስለዚህ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮሰሰሬ አራት ኮር አለው። ጌሙ በግማሽ ፍጥነት እየሄደ ታስክ ማናጀር ግን 28 በመቶ ብቻ ይላል። ለምን ሙሉ አቅሙን አይጠቀምም?

መልስ፦ የሚችለውን ያህል እየተጠቀመ ነው። ከአራት ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) አንዱ ሙሉ በሙሉ ሲያዝ በድምሩ ላይ የሚታየው 25 በመቶ ነው፤ ቀሪዋ ሦስት በመቶ የዊንዶውስና የሌሎች ፕሮግራሞች ናት። የኢሙሌሽን ዋናው ሥራ እርስ በርሱ ስለሚጠባበቅ ለብዙ ኮር ለመከፋፈል አስቸጋሪ ነው። ዊንዶውስ ሥራውን ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውረው፣ ግራፉን በየኮሩ ቢከፍሉት እንኳ አንዱ ብቻ ጣሪያ ነክቶ ላይታይ ይችላል። ምልክቱ ድምሩ ከዚያች 25 በመቶ ብዙም ፈቅ አለማለቱ ነው። ፒሲኤስኤክስ2 የተባለውን የፕሌይስቴሽን 2 ኢሙሌተር የሚጠቀሙ ከሆነ በሴቲንጉ ውስጥ ኤምቲቪዩ የተባለውን ምርጫ ያብሩት፤ ከቬክተር ክፍሎቹ የአንደኛውን ሥራ ለሌላ ኮር ስለሚሰጥ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ኮር ባለው ማሽን ላይ ፍጥነት ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ባሳድገው ይፈጥናል?

መልስ፦ በአብዛኛው አይፈጥንም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዋና ማስታወሻ 2 ሜጋባይት፣ የሁለተኛው 32 ሜጋባይት ነበር። ያለዎት 2 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ዊንዶውስ ራሱ የሚጨርሰው ከሆነ መጨመሩ ይጠቅማል። ግራፊክሱ ከዋናው ራም የሚጋራ ከሆነም፣ ከአንድ ትልቅ ራም ይልቅ ሁለት እኩል ራሞች መሰካት የተሻለ ነው፤ ማሽኑ በሁለት መስመር ያነባልና።

ጥያቄ፦ ችግሩ የፕሮሰሰሩ ይሁን የግራፊክሱ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የኢሙሌተሩን የምስል ጥራት ወደ ኮንሶሉ የመጀመሪያ መጠን ይመልሱት። ፍጥነቱ ወዲያው ከተስተካከለ ግራፊክሱ ነበር የደከመው፤ ምንም ካልተለወጠ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው። ጥራቱን ሁለት እጥፍ ማድረግ የሚሣሉትን ነጥቦች አራት እጥፍ እንደሚያደርግ ብዙ ሰው ይዘነጋል። የቆየ ቴሌቪዥን የሚያስመስሉ ማጣሪያዎችንም ያጥፏቸው።

ጥያቄ፦ አዲሱን ፒሲኤስኤክስ2 አውርጄ ጭራሽ አልከፈት አለኝ። የድሮው ግን ይከፈታል።

መልስ፦ አዲሶቹ ቅጂዎች ባለ 64 ቢት ሲስተምና ኤስኤስኢ4.1 የተባለውን የትእዛዝ ስብስብ የሚያውቅ ፕሮሰሰር ይፈልጋሉ። ከኮር 2 ዱዎዎች መካከል ቀደምቶቹ ይህ የላቸውም፤ በ45 ናኖሜትር የተሠሩት ኋለኞቹ አላቸው። ሲፒዩ-ዚ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ማየት ይቻላል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ ሳለ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነባቸው ማሽኖችም ብዙ ናቸውና እሱንም ይመልከቱ። የጌምኪዩብ ኢሙሌተር የሆነው ዶልፊንም 32 ቢትን የተወው በ2014 ነው። ማሽኑ መስፈርቱን የማያሟላ ከሆነ በ2020 የወጣው የፒሲኤስኤክስ2 ቅጂ 1.6 በዊንዶውስ 7 ላይም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ያው የሱፐር ኒንቴንዶ ጌም በቢስኔስ ይንቀራፈፋል፣ በስኔስ9ኤክስ ይሮጣል። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ዓላማቸው ይለያያል። ቢስኔስ የተጻፈው የኮንሶሉን እያንዳንዱን ቺፕ እርምጃ በእርምጃ በታማኝነት ለመድገም ስለሆነ፣ ለ3.58 ሜጋኸርትዝ ኮንሶል ጠንካራ ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሊጠይቅ ይችላል። ስኔስ9ኤክስ ተጫዋቹ የማያስተውላቸውን ዝርዝሮች በአቋራጭ ያልፋል። በካሴቱ ውስጥ የራሱን ተጨማሪ ፕሮሰሰር ይዞ የሚመጣ ጌም ሲሆን ልዩነቱ ይብሳል፤ ስታር ፎክስ ሱፐር ኤፍኤክስ የተባለውን ቺፕ የያዘው በካሴቱ ውስጥ ስለሆነ ኢሙሌተሩ ያንንም መተካት አለበት። ለቆየ ማሽን እኔ ስኔስ9ኤክስን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሴጋ ሳተርን ከመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጋር በ1994 ነው የወጣው። ለምን ይከብዳል?

መልስ፦ ሳተርን እያንዳንዳቸው 28.6 ሜጋኸርትዝ የሆኑ ሁለት ዋና ፕሮሰሰሮች፣ ሁለት የምስል ቺፖችና ለድምፅ ብቻ የተመደበ ሌላ ፕሮሰሰር አሉት። የሚያደክመው እነዚህን ማስማማቱ ነው። በተቃራኒው በ1996 የወጣው ኒንቴንዶ 64 ገና በ1999 በዘመኑ ኮምፒውተሮች ላይ በኢሙሌተር መጫወት ተችሏል፤ አልትራኤችኤልኢ የተባለው ኢሙሌተር የምስል ቺፑን ውስጣዊ ሥራ ከመድገም ይልቅ ጌሙ ሊያሳይ የፈለገውን ተረድቶ በቀጥታ ለግራፊክስ ካርዱ ያስተላልፍ ነበር። የኮንሶሉ ዕድሜ ብቻውን ብዙ አይነግርም።

ጥያቄ፦ ድምፁ ይቆራረጣል። የድምፅ ካርዱ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ኢሙሌተሩ ከ100 በመቶ ፍጥነት በታች ሲወርድ የሚዘጋጀው ድምፅ ከሚጫወተው ያንሳል፤ ክፍተቱ ነው የሚሰማዎት። ምስሉ ትንሽ ቢዘገይ ዓይን ይታገሣል፤ ጆሮ ግን አይታገሥም። ፍጥነቱ ሳይወርድ የሚቆራረጥ ከሆነ ብቻ የድምፅ ማቆያውን መጠን ከፍ ያድርጉት። የጌሙ የአውሮፓ ቅጂ ካለዎት በሰከንድ 50 ፍሬም ስለሚሠራ ለአንድ ፍሬም 20 ሚሊሰከንድ ያገኛሉ፤ አንዳንድ ጌሞች ግን በዚያ ቅጂ ዘገም ብለው ነው የተሠሩት።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ መጀመሪያ በደንብ ይሠራና ጥቂት ቆይቶ ይንቀራፈፋል።

መልስ፦ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማራገቢያውን ከአቧራ ያጽዱ፣ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ያስለውጡ፣ ቻርጀሩን ሰክተው ይጫወቱ።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ብጭንበት ለውጥ ይኖራል?

መልስ፦ ሊኖር ይችላል፤ በተለይ በኢንቴል ግራፊክስ ላይ። በ2011 ከወጡት የሳንዲ ብሪጅ ፕሮሰሰሮች ጋር የሚገኘው ኤችዲ 3000 ግራፊክስ በዊንዶውስ ድራይቨሩ ኦፕንጂኤል (ፕሮግራሞች ግራፊክሱን የሚያዙበት መንገድ) ቅጂ 3.1 ላይ ሲቆም፣ በሊኑክስ 3.3 ይደርሳል፤ ብዙ ኢሙሌተሮች የሚጠይቁት ደግሞ 3.3ን ነው። ዊንዶውሱን ሳይነኩ ለመሞከር ላካ የተባለውን ለኢሙሌተር የተዘጋጀ ሊኑክስ በፍላሽ ላይ ጭነው ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በሕግ አያስጠይቅም?

መልስ፦ በአሜሪካ በ2000 ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለውን የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተር ሠሪ ኩባንያ በከሰሰበት ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ኢሙሌተር ለመሥራት የኮንሶሉን ባዮስ (የማስነሻ ሶፍትዌሩን) ገልብጦ ማጥናትን እንደ ተገቢ አጠቃቀም ተቀብሎታል። ጌሞቹና የባዮስ ፋይሎቹ ግን በቅጂ መብት የተጠበቁ ስለሆኑ፣ ከራስዎ ዲስክና ከራስዎ ኮንሶል ይቅዷቸው፤ የአገርዎን ሕግም ይመልከቱ። የፒኤስፒ ኢሙሌተሩ ፒፒኤስኤስፒፒና ዶልፊን የባዮስ ፋይል አይጠይቁም።

ጥያቄ፦ አንድ ነገር ብቻ ማሻሻል ብችል ምን ልግዛ?

መልስ፦ ፍላጎትዎ እስከ መጀመሪያው ፕሌይስቴሽንና ፒኤስፒ ከሆነ፣ ከጥሩ ጆይስቲክ በቀር ምንም አይግዙ። ኤስኤስዲ ጌሙን ቶሎ ይከፍተዋል እንጂ ፍሬም አይጨምርም። ፕሌይስቴሽን 2 ወይም ጌምኪዩብ ከፈለጉ በኮር 2 ዱዎው ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ ይልቅ በ2013 ከወጣው ሃስዌል ከተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ ጀምሮ ያለ ያገለገለ ኮር አይ5 ዴስክቶፕ ይፈልጉ፤ ያ ትውልድ በተለይ በዶልፊን ላይ ጎልቶ የሚታይ ፍጥነት ጨምሯል። ላፕቶፕ ከሆነ ኮር አይ7 የሚለው ስም ብቻ አያታልልዎት፤ በዚያ ዘመን በሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ዩ» የሚለው የላቲን ፊደል ያለበት ፕሮሰሰር ኃይል እንዲቆጥብ የተሠራ ሁለት ኮር ብቻ ያለው ነውና፣ ከዴስክቶፑ ኮር አይ5 ያነሰ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።