ተለዋጭ ዘይቤ በቀመር ይገለጻል?

ጥያቄ፦ «ተለዋጭ ዘይቤን በሒሳብ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ ሲባል ሰማሁ። ለምሳሌ "ሆደ ሰፊ" የሚለው አነጋገር እንዴት ቀመር ይሆናል? ለዛውስ አይጠፋም?»

መልስ፦ ለዛው አይጠፋም። ቀመሩ የሚይዘው የነገሩን አንድ ክፍል ነው፤ ያንን ግን በደንብ ይይዘዋል።

ሁለት ነገሮች ሲመሳሰሉ «ይቀራረባሉ» እንላለን። ርቀት ከሆነ ደግሞ ከአዲስ አበባ አዳማም፣ ከአዳማ አዲስ አበባም ያው ነው። ንግግር እንዲህ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አሞስ ትቨርስኪ በ1977 እ.ኤ.አ. ይህን በምሳሌ አሳይተዋል። «ሰው እንደ ዛፍ ነው» ሲባል ሥር አለው ማለት ነው። «ዛፍ እንደ ሰው ነው» ሲባል ግን ዛፉ የሕይወት ታሪክ አለው ማለት ይሆናል። ቀመራቸው የጋራውን ባሕርይ ይደምራል፤ የየብቻውን ይቀንሳል። የሁለቱ ቅናሾች ክብደት ሲለያይ አቅጣጫ ይፈጠራል፤ ማለትም ሁለቱ ነገሮች ቦታ ሲለዋወጡ ውጤቱም ይለወጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ የሌላዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የዴድሬ ጌንትነር የ1983 እ.ኤ.አ. ሐሳብ ነው። እንደ እሳቸው ከሆነ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው በዋናነት የሚሻገረው መልክ ሳይሆን ግንኙነት ነው። ወደ እርስዎ ምሳሌ ልምጣ። ምግብን በአንድ በኩል፣ ነገርን በሌላ በኩል እናስቀምጥ። ምግብ ይዋጣል፤ ነገርም «አልዋጥልህ አለኝ» ይባላል። ምግብ ሆድ ይገባል፤ ነገርንም «በሆዴ ያዝኩት» እንላለን። የበሉት እዚያው ያልቃል፤ የማይነገረውንም «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንተወዋለን። ሆዱ የሰፋ ብዙ ይይዛል፤ ሆደ ሰፊም ብዙ ይችላል። የወጡ ቀለምና የእንጀራው ዓይን ግን የትም አልደረሱም። ከዚህ የመዋጥ፣ የመያዝና የማለቅ ሰንሰለት ጋር አልተያያዙማ! ጌንትነር ከባልደረቦቻቸው ከፎልከንሃይነርና ከፎርበስ ጋር ሆነው በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፣ ሁለት ነገሮችን የሚያዛምድ የኮምፒውተር ፕሮግራምም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን እርስ በርሱ የተሳሰረ ግንኙነት ነው።

ፈጠራም የሚመጣው ከዚሁ ሰንሰለት ነው። ከሰንሰለቱ ላይ ገና ያልተነካ ቦታ መፈለግ ነው። «አምና በሆዴ የያዝኩት ነገር ዘንድሮ ቃር ሆነብኝ» ብልዎት፣ አነጋገሩን ሰምተውት ባያውቁም ወዲያው ይገባዎታል። ቃር የሚገባበት ቦታ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል።

አንድ ከባድ ትችት ግን አለ። የአእምሮን አሠራር የሚያጠኑት ዳግላስ ሆፍስታተርና ባልደረቦቻቸው በ1992 እ.ኤ.አ. እንዳነሱት፣ ፕሮግራሙ የሚያዛምደው ሰው አስቀድሞ መርጦ የጻፈለትን መግለጫ ነው። ስለ ምግብ ከሚታወቀው ሁሉ መዋጥን፣ መያዝንና ማለቅን ለይቼ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ወጡን ትቼ ሆዱን የመረጥኩበትን ምክንያት ቀመሩ አያውቀውም። እኔም ትችቱ ልክ ነው እላለሁ።