መርከቧን ለሻምበል አትስጡ

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

የልጄ ልጅ ባለፈው እሁድ የጻፈውን አስነበበኝ። ጠፈር ላይ ስለሚዋጋ ጦር ነው። ገና 17 ዓመቱ ቢሆንም ብዕሩ ይሄዳል፤ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ነው ያነበብኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ያዘኝ። 400 ሰው የጫነችውን መርከብ የሚመራት «ሻምበል» ነው። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ኮሎኔሎች አሉ።

«ይሄ ሰውዬ ኮሎኔሎቹን በምን አቅሙ ነው የሚያዛቸው?» አልኩት።

«አባባ፣ ካፒቴን ማለት ሻምበል አይደል እንዴ?»

እኔ ጡረታ የወጣሁት በሻምበልነት ነው። ሻምበል ኮሎኔል ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንደሱ የምትጽፉ ሌሎችም እንዳላችሁ ስለነገረኝ ነው ይቺን ደብዳቤ ለሁላችሁም ያደረግኳት።

ካፒቴን ሁለት ዓይነት ነው። የምድር ጦሩ ካፒቴን የኛ ሻምበል ነው። የባህር ኃይሉ ግን ከአድሚራሎቹ ዝቅ ብሎ ያለ ትልቅ መኮንን ነው፤ በምድር ጦር ቢመዘን ኮሎኔል ይሆናል። ስታር ትሬክ የሚባለው የጠፈር ድራማ በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጀመር ማዕረጉን የወሰደው ከባህር ኃይል ነው። ከታች ኤንሳይን፣ ቀጥሎ ሌተናንት፣ ሌተናንት ኮማንደር፣ ኮማንደር፣ ካፒቴን፤ ከዚያ በላይ ኮሞዶርና አድሚራሎች። በዚያ በመጀመሪያው ድራማ ኢንተርፕራይዝ የምትባለው መርከብ 430 ሰው ይዛ ትጓዛለች። አዛዧን ካፒቴን ከርክን «ሻምበል ከርክ» ካላችሁት፣ ያን ሁሉ ሰው ከነመርከቡ ለእኔ ቢጤ አስረከባችሁ ማለት ነው። ካፒቴን ብላችሁ ተዉት። የአውሮፕላኑንስ እንደዚያው አይደል የምንለው?

የራሳችሁን ጦር የምትፈጥሩ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጓዳችሁን ፈትሹ። የኛ ማዕረግ ሥራውን በስሙ ይናገራል። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሁሉም ቆጠራ ነው። ሻለቃም ሺ አለቃ ነው። የድሮዎቹ ቦታ ያሳያሉ፤ ፊታውራሪ ከፊት ይቀድማል፣ ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ይይዛል። ጠላትን ቀድማ ለምታየው መርከብ ከፊታውራሪ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ችግሩ ቀኛዝማች ላይ ነው። ጠፈር ውስጥ ላይና ታችም ክንፍ ነው። የላይኛውን ምን እንደምትሉት እናንተ ተጨነቁበት፤ እኔ አንድ ሌሊት አስቤ አልመጣልኝም።

ስም ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ማን ማንን እምቢ ማለት ይችላል የሚለው ነው።

በ1967 እ.ኤ.አ. የታየ አንድ የስታር ትሬክ ክፍል አለ። ዴከር የሚባል ኮሞዶር መርከቡ ተሰባብራ፣ ሠራተኞቹ በሙሉ አልቀውበት ብቻውን ይገኛል። ወደ ኢንተርፕራይዝ ይወስዱታል። ከርክ እዚያች የተሰበረችው መርከብ ላይ ቀርቷል፤ ሬድዮውም አይሠራም። የአዛዡን ወንበር የያዘው ምክትሉ ስፖክ ነው። ዴከር በማዕረግ ስለሚበልጠው ደንብ ጠቅሶ መርከቧን ይረከባል። ከዚያ ያንን መርከቡን ያጠፋበትን ግዙፍ መሣሪያ ካልገጠምኩ ይላል። ተኩስ እንደማይበሳው ስፖክ ቢነግረውም አይሰማም። ሐኪሙ ማኮይ ሰውየው ጤነኛ አይደለም ብሎ ይነሳል። በዚያ ጦር ሐኪም አዛዡን በጤና ምክንያት ማንሳት ይችላል። ስፖክ ግን የምርመራ ማስረጃ ይጠይቀዋል። ማኮይ ገና አልመረመረውም። በመጨረሻ ሬድዮው ሲሠራ፣ ከርክ በመርከቧ ካፒቴንነቱ ስፖክ እንዲረከብ ከሩቅ ያዛል። በማዕረግ የሚያንሰው ሰው ኮሞዶሩን አስነሳው። መርከቧ የማን እንደሆነች ስለሚታወቅ ነው።

ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል። ያኔ አስር አለቃ ነኝ፤ ሬድዮ ኦፕሬተር። አንድ ሻለቃ ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። የካርታ ቁጥር አቀበለኝ። በእርሳስ ስጽፈው ሁለቱ አሃዞች መገለባበጣቸው ገባኝ፤ ትክክለኛው ጠዋት የጻፍኩት እዚያው ገጽ ላይ ነበራ። እርሳሴን ቁጥሩ ላይ አሳርፌ ቀና ብዬ አየሁት።

«ምን ታየኛለህ? አስተላልፍ!»

«እሺ ጌታዬ» ብዬ አስተላለፍኩ። ሦስት ኦራል ከነጭነታቸው የማይሆን ወንዝ ዳር ወርደው እስኪነጋ ጭቃ ውስጥ አደሩ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ሻለቃው ተወቀሰ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ለእኔ የመናገሪያ ቦታ አልነበረኝም። ወይም ነበረኝና ፈራሁ። እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

እና ትከሻ ላይ ኮከብ መደርደር ከመጀመራችሁ በፊት ይቺን ወስኑ፤ አዛዡ ሲሳሳት ማን፣ በየትኛው ደንብ፣ ምን ይላል? ታሪካችሁ ከዚያ ይወጣል።

ሌላው ነገር፣ በልጁ ድርሰት ውስጥ 11 ጀኔራል ቆጠርኩ። ነዳጅ የሚሞላ ግን አንድም የለም። ዲፕ ስፔስ ናይን በሚባለው፣ ጠፈር ላይ ባለ ጣቢያ በሚካሄደው ሌላ የስታር ትሬክ ተከታታይ ውስጥ ኦብራያን የሚባል ሰው አለ። መኮንን አይደለም፤ በኛ አነጋገር ባለሌላ ማዕረግ ነው። ጣቢያው ሲበላሽ የሚጠራው ግን እሱ ነው። በኛም ካምፕ ከትምህርት ቤት ትኩስ የመጣ ምክትል መቶ አለቃ ሲመደብ፣ ሽበታሙ ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጠዋል። ከዚያ ገለል አድርጎ «ጌታዬ፣ እንዲህ ብናደርገውስ?» ይለዋል። ብልህ የሆነው ምክትል መቶ አለቃ ይሰማል።

ትናንት ማታ ልጁ ደወለ። ጀኔራሎቹን ወደ ሁለት አውርዷቸዋል። ሻምበሉ ካፒቴን ሆኗል። አንድ የሬድዮ አስር አለቃም ጨምሯል።

«አባባ፣ ቁጥሩ መሳሳቱን ሲያይ ይናገር ወይስ ዝም ይበል?» አለኝ።

እስከ እሁድ ጊዜ ስጠኝ አልኩት።