ደሴ ላይ «ምንም የለም» ያልኩ ቀን

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አራት አምስት የምትሆኑ መንገድ ላይ እየያዛችሁኝ «ጋሼ፣ አስጎብኚ መሆን እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ብላችሁኛል። አንዷማ ሰኞ ገበያ መሀል አገኘችኝ። በአንድ እጄ ድንች በሌላው ሽንኩርት ይዣለሁ፣ እሷ ደብተር አውጥታ ልትጽፍ ተዘጋጀች። የረባ ነገር አልነገርኳትም። ድንቹም ከበደኝ፣ ጥያቄውም ከበደኝ። ይኸው ዛሬ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰው ይዤ ዞሬያለሁ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ፣ በላሊበላ፣ በአክሱም፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር አድርጎ የሚመለሰውን መስመር ስንቴ እንደዞርኩት መቁጠር ትቻለሁ። ቋንቋ ተማሩ፣ ታሪክ አንብቡ፣ ፈቃድ አውጡ የሚለውን ሌላ ሰው ይነግራችኋል። እኔ ስለ አፍ ነው የምነግራችሁ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባል የለ? የእኔ ራስ እንደተመለጠ ታያላችሁ። አፌም በየቦታው አምልጦኛል።

ከሚያሳፍረኝ ልጀምር። ገና ጀማሪ ነኝ። አሥራ አራት ሰው፣ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ፈረንጆች፣ ሌሊት 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነስተን 400 ኪሎ ሜትር ያህል በኮስተር ስንንገላታ ዋልን። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሠራው 587 ሜትር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሁሉም ሹራብ ለብሷል፣ ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ አወለቁ፣ ከሚሴ ላይ ደግሞ ውሃ ውሃ አሉ። ኮምቦልቻ ምሳ በላን። ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ሁለቱ አስመለሱ (ከሐረጎ በፊት ከባድ ምሳ አታብሉ፣ ይህን ዛሬውኑ ጻፉት)። ደሴ ስንገባ መሽቷል፣ ከከተማዋ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሷል። አንዲት አሮጊት በመስኮት እያዩ ጠየቁኝ። «እዚህ ከተማ ምን አለ?»

«ምንም የለም። እዚህ ተኝተን ሌሊት ወደ ላሊበላ እንነሳለን» አልኳቸው።

እትብቴ የተቀበረው እዚሁ ነው። እናቴ ከዚያ ሆቴል የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ቡና አፍልታ እየጠበቀችኝ ነበር። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊያደርግ እዚህ ይኖራል?» አሉኝ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ላሊበላ ላይ ስለ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ሳወራ አፌ ዳገት የሚወጣ ይመስል ነበር።

ምን ነበር ያልነገርኳቸው? አይጠየፍ ነበር። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፣ ሀብታም ድሃ ሳይባል ሰው ሁሉ እኩል ስለሚገባበት ነው የሚባለው። ይህን ለፈረንጅ ስትተረጉሙ ዝም ብላችሁ አዳራሽ እንዳትሉ። «አይጠየፍ» የሚለውን ቃል አስብሏቸው፣ ትርጉሙን ንገሯቸው፣ ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቧቸው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው ሙዚየማችንም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ተዘርፏል። ይህንንም ንገሩ፣ አትዝለሉት፤ ሰው ባዶ መደርደሪያ ሲያይ ምን እንደነበረበት መጠየቁ አይቀርም። ደግሞ ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚሁ ደሴ ነበሩ፣ የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በጊዜው የዓለም ጋዜጠኞች እዚህ ሰፍረው ነበር። እኔ ግን ምንም የለም አልኩ።

በማግስቱ ሌሊት ተነስተን መንገድ ላይ ተኝተን ያለፍነውንም ልንገራችሁ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚሄደው አስፋልት ላይ፣ ሐይቅን አልፋችሁ፣ ይስማ ንጉሥና ውጫሌ አሉ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመበት አገር ነው። አንቀጽ 17ን ትምህርት ቤት ተምራችኋል፣ ግን እንደ አስጎብኚ አስቡት እስቲ። የአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣሊያን በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል፣ የጣሊያንኛው ደግሞ የግድ ያደርገዋል። በሁለት ቋንቋ መካከል የጠፋች አንዲት ቃል አድዋ ድረስ ወሰደችን! እናንተም ነገ በሁለት ቋንቋ መካከል ልትቆሙ ነው። እንግዶቼ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው እያንኮራፉ ነው ያለፍነው፣ እኔም አብሬ አንኮራፍቼ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ወደ ሌላው ጥፋት የሄድኩት። ዝም በማለቴ ስላፈርኩ ማውራት አበዛሁ። የባሰው አክሱም ላይ ደረሰብኝ። ዱንጉር ያለውን የፈረሰ ግቢ እያሳየሁ «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይህ ነው፣ መታጠቢያዋ ያ ነው» እያልኩ ክፍል ለክፍል አዞርኳቸው። መኝታዋንም ሳልጨምር አልቀረሁም። ማታ እራት ላይ አንድ ሽማግሌ ጎብኚ ከሰው ነጠል አድርገው ወሰዱኝ። የቁፋሮ ሰው መሆናቸውን ቀኑን ሙሉ አልተናገሩም ነበር። ዱንጉር በቁፋሮ ሲታይ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ስድስተኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተሠራ ነው አሉኝ፣ ንግሥቲቱ የኖረችበት ከሚባለው ዘመን ጋር ከ1,500 ዓመት በላይ ይራራቃል። ሰው ፊት አላሳፈሩኝም። እኔ ብሆን ኖሮ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቆሜ አራት ጊዜ አርመው ነበር።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት አፍ ይኑራችሁ። አንዱ «ይባላል» የሚል፣ ሌላው «ተቆፍሮ ተገኝቷል»፣ «ተጽፏል» የሚል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «ይባላል»ን አትናቁት፣ አገር በ«ይባላል» ነው የሚኖረው፤ ግሸን ደብረ ከርቤ ላይ ግማደ መስቀሉ አለ ብሎ መስከረም 21 የሚወጣው ሕዝብ ፊት ቆማችሁ ማስረጃ የምትጠይቁ ከሆነ ሥራውን ተዉት። ግን አትቀላቅሉ። ሐውልቶቹ ጋ ስትደርሱ ቁጥሩ ራሱ ይበቃል። የወደቀው 33 ሜትር ነው፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል ይገመታል። ሮም የከረመው 24 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። ይህን በልና ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሂድ። ሰውየው አንገቱን አቅንቶ ይመልከት። አንተ ስታወራ እኮ የሚያየው አንተን ነው።

ዝም ማለት የተማርኩት መቅደላ ላይ ነው። በተንታ በኩል ሄደን የመጨረሻውን ዳገት በእግር ወጣን፤ እንግዶቹ እንግሊዞች ናቸው። ሌሊቱን ንግግር ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ቴዎድሮስ፣ ሽጉጡ፣ ከዚያም ዘረፋውን፣ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ የተጫነውን መጽሐፍና ታቦት ሁሉ ላወርድባቸው። ሾፌሬ የሳይንቱ ሰው ነው፣ ሻይ እየጠጣ ሰማኝና «አንተ፣ እነሱ ናቸው እንዴ የዘረፉት?» አለኝ። ደህና ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ላይ ደርሰን ሴባስቶፖል መድፍ ጋ፣ ያ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ብረት ሣር ላይ ተጋድሞ ሲያዩት፣ ቀኑንና የሆነውን በአራት ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸውና ተቀመጥኩ። ንፋሱ ብቻ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ማንም አልተናገረም። ከዚያ ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ፣ እስከ ማታም አላቆሙም። ለንደን የነበረው የቴዎድሮስ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ሲመለስ ትዝ ያሉኝ እነሱ ናቸው።

አሁን ደግሞ መናገር ግድ የሆነበትን ልንገራችሁ፣ ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚያስከፋ ወሬ ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሐይቅ እስጢፋኖስን ውሰዱ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያቀኑት ገዳም ነው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ ከደሴ ሩቅ አይደለም። ግን ሴት አይገባም። እኔ ይህን በሩ ላይ የተናገርኩ ጊዜ አለ። ስድስት ሴቶች ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ባሎቻቸው ገብተው፣ ስንወጣ የተቀበለኝን ፊት አልረሳውም። ማታውኑ ደሴ ላይ ብነግራቸው ኖሮ ሐይቁ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ቤት ቀጥሬላቸው፣ አቦል ቶና በረካ ጠጥተው፣ ከወንዶቹ የተሻለ ቀን ባሳለፉ ነበር። በኋላ እንደዚያ አደረግሁ፣ እውነትም ወንዶቹ ቀኑ። ላሊበላ ቤተ ጎልጎታም እንዲሁ ነው፣ ለሴቶች አስቀድማችሁ ንገሩ። ደግሞ የላሊበላ ምንጣፍ ቁንጫ አለው። ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው፣ አትፈሩ። ቁንጫውን ደብቃችሁ ማታ ሲያክካቸው ቢያድር ስለ ንጉሥ ላሊበላ ያላችሁት ሁሉ ይረሳል።

ሰው መቁጠር እንዳትረሱ። ጣት እየቀሰራችሁ ሳይሆን በዓይን። ቤተ ጊዮርጊስ ጋ አንዲት እናት ረስቼ ሆቴል ደርሻለሁ፤ ተመልሼ ሳገኛቸው ከጫማ ጠባቂው ልጅ ጋር ቆሎ እየበሉ ነበር፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። በእግር ስትሄዱ ደግሞ ከሁሉ ቀርፋፋውን ሰው ከፊት አድርጉ። ጎረምሶቹ ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ።

ስለ ኮሚሽን ብዙ አልልም። ዕቃ ቤት ወስዳችሁ ባለሱቁ የሚሰጣችሁን ብር እኔም ተቀብያለሁ፣ አልክድም። ግን አንድ ጊዜ እንግዳው የገዛውን መስቀል በእጥፍ ዋጋ እንደሸጠለት እያወቅሁ «ጥሩ ዋጋ ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ምንም ነገር ጥሩ ነው ስለው ራሴን አላምንም ነበር። የራሳችሁን አስቡበት።

ፈረንጅ ብቻ አትጠብቁ ደግሞ። ኮሮናና ጦርነቱ ተከታትለው ሲመጡ ሥራው ድርግም ብሎ ሲጠፋ፣ እኔን ያቆዩኝ የራሳችን ሰዎች ናቸው። የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ የማኅበር እናቶች፣ ተማሪዎች። በአማርኛ ማስጎብኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በጣም ከባድ ነው! የምትዋሹበት ቦታ የለም። ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ ፋሲለደስ ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ቆረቆሩ ስል አንዲት እናት «ቆይ ልጄ፣ ከዚያ በፊት ንጉሡ የት ያድር ነበር?» አሉኝ። ከድንኳን ድንኳን ስለሚዞር ቤተ መንግሥት ለሰዓት ያህል ተነጋገርን፣ ፈረንጆቹ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቁኝን። ሐረር ጀጎል አምስቱን በሮች ስናዞር ደግሞ የወሎ እናቶች ናቸው የአድባሯን ቤት ደጃፍ ረግጠው ሰላም ብለው፣ ቡና ተጋብዘው፣ መርቀውና ተመርቀው የወጡት። እኔ በር ላይ ቆሜ የግንቡን ዕድሜ ሳወራ ነበር።

እንግዲህ ያቺ ደብተር ይዛ የመጣችው ልጅም፣ ሌሎቻችሁም፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት አይጠየፍ በር ላይ እገኛለሁ። እኔ አላስጎበኝም፣ እናንተ ናችሁ የምታስጎበኙኝ። እንደ እንግዳ ሆኜ «እዚህ ከተማ ምን አለ?» ብዬ እጠይቃችኋለሁ፣ በተራ ትመልሳላችሁ። ከዚያ በእግር ወደ ፒያሳ እንወርዳለን፣ ቡናው የእኔ ነው። ሹራብ ያዙ። ጦሳ ጉም ለብሶ ካደረ ጃኬትም ጨምሩ።