ለወጣት አጥፊዎች ጉዳይ ኃላፊዎች ሥልጠና ስናዘጋጅ ምን ላይ እናተኩር?

ጥያቄ፦ በወረዳችን ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊዎች የሦስት ቀን ሥልጠና ልንሰጥ ነው። ሁሉም «ሕጉን እናውቀዋለን» ይላሉ። ምን እናስተምራቸው?

መልስ፦ ለሕጉ ግማሽ ቀን ይበቃል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ በመደበኛ ቅጣት አይቀጣም፣ በአንቀጽ 53 መሠረትም ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር አይታሰርም። ስህተቱ የሚጀምረው መዝገብ ላይ ነው፦ ፖሊሱ የልደት ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ ሳይፈልግ ዕድሜውን በቁመቱ ገምቶ «18» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

የተረፈውን ጊዜ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 54 ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ በሚጠይቀው መረጃ ላይ አውሉት። እውነተኛ መዝገቦችን የልጆቹን ስም ሰርዛችሁ አከፋፍሉና ስለ ልጁ የተጻፈውን ሪፖርት እዚያው ያርሙት። «ቤተሰቡ ድሃ ነው» ለዳኛው ምንም አይነግርም። ልጁ የት ያድራል? ከክፍል የቀረው ከመቼ ጀምሮ ነው? የትኛው ዘመድ ሊቆጣጠረው ፈቃደኛ ነው? ይህ ካልተጻፈ ለታማኝ ዘመድ አደራ መስጠት እየተቻለ ልጁ ጠባይ ማረሚያ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ቆይታው ከአንድ ዓመት አያንስም።

ኃላፊዎቹ ከመበተናቸው በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ይስማሙ፦ ዓርብ ማታ የተያዘን ልጅ ማን ይረከባል፣ በየትኛው ስልክ ይጠራል?