ለጀልባ የማስነሻና የመብራት ባትሪ
ወንድሜ፣ የጣና ጀልባህ ሁለቱም ባትሪ ደክሞ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ልግዛ ወይ ብለሃል። አልመክርህም፤ ሥራቸው ለየቅል ነው። የማስነሻው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር ይሰጣል፤ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ዝርጎች (ፕሌቶቹ) ስስ ናቸው። ፍሪጅና መብራት ሌሊቱን ካሠራህበት ቶሎ ይሞታል። ለእነሱ ፕሌቱ ወፍራም የሆነ ዲፕ ሳይክል፣ ማለትም ለረጅም ሰዓት ቀስ እያለ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ግዛ።

ፍሪጁ በአማካይ 3 አምፔር ለ12 ሰዓት ቢወስድ 36፣ መብራቱ 10 ቢጨምር 46 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ውሰድ። ጀልባ ይናጣልና ኤጂኤም (አሲዱ በውስጡ ተመጦ የታሸገ የሊድ አሲድ ባትሪ) ቢሆን ደስ ይለኛል፤ አሲድ አይደፋም።

ሁለቱን በማብሪያ ማጥፊያ ለይልኝ፣ እባክህ። ፍሪጁ የማስነሻውን ጨርሶብህ፣ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ መሀል ሞተር እንቢ እንዳይልህ።